ያልደረቀ ጡብ

ውሃ ቀድታ ስትመለስ እናቷን ከአልጋው ራስጌ ተንበርክካ፣ በሽንኩርት መክተፊያው ቢላ ከግድግዳው ላይ እንጉዳይ ስትቆርጥ አገኘቻት። አንድ ሁለት ቢሆን ባልከፋ፤ ሳህኑ ሞልቶ ተርፎ ነበር። አሮጊቷ እንደ ሙሽራ ፈክታለች። ከኖራው ስንጥቅ ብቅ ብቅ ያሉትን ግራጫ ጆሮዎች አንድ በአንድ እየገነጠለች፣ «ይኸውልሽ ልጄ! ቤት ሰጡኝ ብዬ ሳመሰግን፣ ለካ ጓሮውንም ደርበው ኖሯል የሰጡኝ!» አለችና ሳቀች፤ ሳቋም እንደ ልማዱ ወደ ሳል ተለወጠ። ልጅየዋ ጀሪካኑን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«እማዬ፣ ተዪው። አትንኪው።»

«ለምን? መርዝ ነው? እናንተው አይደላችሁ እንዴ ይበላል ያላችሁን?»

ይበላል፤ ክፋቱም እሱ ነው። የጡቡ ሥራ የተጀመረ ሰሞን ኃላፊው ራሱ ሰዉ ፊት በልቶ አሳይቷል። ስለዚህ እናቷ በግማሽ ሽንኩርት ጠበሰችው፤ ሙሉ ሽንኩርት መክተፍ የሀብታም ሥራ ከሆነ ሰንብቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሳህኑን በመካከላቸው አድርገው መብላት ጀመሩ። መኝታ ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ ፍራሽ መሬት ላይ፣ አንድ ሣጥን። ከሳሎኑ ማዶ ያለው የቤቱ በር ከፈረሰ መሥሪያ ቤት ተነቅሎ የመጣ ነው። በሩ ላይ «አንኳኩተው ይግቡ» የሚለው ጽሑፍ አሁንም አልለቀቀም፤ እናቷም እንግዳ በመጣ ቁጥር በዚህ ጽሑፍ ትኮራለች። ልጅየዋ ሁለቴ ጎርሳ ሦስተኛውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። እናቷ እያጣጣመች የምትበላው የልጇን ጥፋት መሆኑን አታውቅም።

ልጅየዋን የሥራ ጓደኞቿ «እሳቷ» ይሏታል፤ የጡብ ማድረቂያውን ምድጃ የምትጠብቀው እሷ ስለሆነች። ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ በዚህ ከተማ ሲሚንቶ ስሙ እንጂ መልኩ ጠፍቷል፤ የተገኘ ዕለትም ዋጋው ጣሪያ ይነካል፣ ያውም ጣሪያ ለሌለው ሰው። ስለዚህ በፈረሰው የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ከገለባና ከሰጋቱራ ጡብ ማብቀል ተጀመረ። ማብቀል ነው የሚባለው፣ ሌላ ስም አልተገኘለትም። ገለባው ተከትፎ በእንፋሎት ይቀቀላል፤ ሲበርድ «እርሾ» ከሚሉት የእንጉዳይ ሥር ጋር ይለወሳል፤ በእንጨት ቅርጽ ተጠቅጥቆ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ይተኛል። ነጩ ሥር ገለባውን እንደ ክር እየሰፋ አንድ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት በዝግተኛ እሳት ይደርቃል፣ ሥሩ እንዲሞት። ካልሞተ ዝናብ ሲነካው ይነቃል፤ ያበቅላል፤ ጡቡን ከውስጥ ይበላዋል። በደንብ የደረቀው ግን ሲያነሡት ቀላል፣ ሲመቱት ጠንካራ ነው፤ በቀርከሃ ምሰሶዎች መሃል ይደረደርና በኖራ ይለሰናል። መጀመሪያ ሰዉ «ቤት ነው የምትሠሩልን ወይስ ምሳ?» እያለ ያሾፍ ነበር። ድንኳን ውስጥ ሁለተኛው ክረምት ሲያልፍበት ማሾፉን ተወ።

ደንቡ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ጡቡን በራሱ እጅ ይጠቀጥቃል፣ ምልክቱን ይጭርበታል፣ ወደ ምድጃ የሚገባውም በዕጣ ተራው ነው። አንደኛው ዕጣ ለአንዲት የመንታ ልጆች እናት ወጣ፤ ሁለተኛው ለእሳቷ እናት። ከክረምቱ በፊት ግን ለናሙና የሚሠራው አንድ ቤት ብቻ መሆኑ ተነገረ፤ የቀሩት አርባዎቹ የሚጀመሩት ናሙናው ዝናብ ችሎ ከታየ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ ያለው ሐኪም ደግሞ ስለ እናቷ ሳል ሲናገር አልሸፋፈነም፤ «ሌላ ክረምት በላስቲክ ሥር አይችሉትም» ነበር ያላት። ያን ጊዜ ነው እሳቷ የመንታዎቹን እናት ጠርታ «እህቴ፣ ያንቺ ጡብ መሃሉ ገና ነው፤ አንድ ሳምንት ይቆይ» ያለቻት። ደርሶ ነበር። ሴትዮዋ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳትጠይቅ «አንቺ ካልሽ እሺ» ብላ ሄደች። የእናቷ ጡብ ከቅርጹ የሚወጣው እሑድ ነው፤ ግንበኞቹ የሚመጡት ሰኞ ጠዋት። ስለዚህ ዓርብና ቅዳሜ ባዶ ምድጃ አነደደች፤ ጭሱን ሰዉ እንዲያየው። እሑድ ጡቡን አስገባች፣ ሰኞ ሲነጋ አወጣች፣ መዝገቡ ላይም በዚያ ሁሉ በሚያደንቅላት የእጅ ጽሕፈቷ «ሦስት ቀን» ብላ ጻፈች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን ያፈሰሰችው ልጅ ሆና ለቃሚዋ እናት ሆነች።

ዝናቡ ከጀመረ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ መሐንዲሱ ግድግዳውን ሊመረምር ይመጣል። እሺ ካለ አርባ ቤተሰብ ከድንኳን ይወጣል፤ እምቢ ካለ ጋራዡ ይዘጋል፣ የተመደበውም ገንዘብ ወደ ለጋሾቹ ይመለሳል። ይህን በሰፈሩ የማያውቅ ሰው የለም፤ ጡት ያልጣለ ልጅ እንኳ «ኢንጂነር» ማለት ተምሯል።

ወደ ሥራ ስትሄድ የምታልፈው በድንኳኖቹ መሃል ነው። ሌላ መንገድ ቢኖር በዚያ በሄደች። የመንታዎቹ እናት ከድንኳኗ ደጃፍ የተጠራቀመውን ውሃ በጣሳ እየቀዳች ታፈሳለች፤ ሁለቱ ልጆቿ በተገለበጠ ሳፋ ላይ ቁጢጥ ብለዋል፣ ፊታቸው ታጥቦ፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ። ላስቲኩ በሦስት ቦታ ተቀዷል፤ አንዱን ቀዳዳ በዳቦ ከረጢት ደፍናዋለች።

«አንቺ! ደህና አደርሽ? እናታችንስ?» አለች ቀና ብላ። «አዲስ ላስቲክ ልግዛ ብዬ ጠየቅሁ እኮ፤ ባለሱቁ ዋጋውን ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። ኋላ ደግሞ ምን አስቸኮለኝ አልኩ። ዛሬ እሺ ካለን ጡቤ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ አይደል?»

«አዎ» አለች እሳቷ።

«ደህና ደርቋል አይደል የኔ?»

«የአንቺ ደህና ደርቋል።»

ይህ እውነት ነበር፤ በሳምንቱ የሴትዮዋን ጡብ ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኗን ሳትከድን አድርቃዋለች፣ ዕዳዋን የምትከፍል መስሏት። ሴትዮዋ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትከሻዋን ዳበስ አደረገቻት። «ቀድሞም አንቺ ባትነግሪኝ ጥሬውን ገንብቼ ቤቴ ላዬ ላይ ይወድቅ ነበር» አለቻት። እሳቷ ወደ ጋራዡ አለፈች።

አጎቷን ጋራዡ ውስጥ ኖራ ሲያቦካ አገኘችው። የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ግንበኛ ነው፤ ያን ቤት የገነባው እሱ ነው። በቀን ከሃያ ቃል በላይ የማይናገር ሰው ነው፤ ከሃያውም አሥሩ ስድብ ነው።

«ጋሼ፣ ግድግዳው አበቀለ።»

አካፋውን አላቆመም። «የቱ?»

«የእማዬ ራስጌ።»

ኖራውን ሁለቴ ሦስቴ ገለበጠ። ከዚያ አካፋውን ተከለና ፊቷን ሳያይ፣ «ሲከብደኝ ጠርጥሬ ነበር» አለ። «የደረቀ ጡብ በአንድ እጅ ይነሣል። ያንን በሁለት እጄ ነው የደረደርኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እህቴ ናት።»

ሦስት ወር ሙሉ አንድ ገበታ ላይ ሲቀርቡ፣ እሱ እያወቀ፣ እሷ የማያውቅ እየመሰላት ኖረዋል። በዚህ ቤተሰብ ዝምታ እንደ ቅርስ ነው፣ ከአያት ለልጅ ሳይቀነስ ይወርዳል። አጎቷ ባልዲውን ኖራ ሞላና «ነይ» አላት። «እንፍቀዋለን፤ ይደረብበታል። ሰውየው ሩብ ሰዓት አይቆይም።»

እስከ ቀትር ፋቁ። አልጋው ሲሳብ ከኋላው ያለው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ላብ አውጥቷል፤ መፋቂያውን ሲያሳርፉበት እንደ ጡብ አይንኮሻኮሽም፣ እንደ ዳቦ ይገባል። እናቷ ቀሪውን እንጉዳይ የያዘ ሳህን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በወለሉ መሃል በተገተረው አልጋ ላይ ተቀምጣ አንዴ ወንድሟን አንዴ ልጇን ታያለች። «ምን አደረጋችሁ? በረከት ይፋቃል?» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እንግዳ ይመጣል ብላችሁ ከሆነ፣ እንግዳ እንዲያውም ይደሰታል» አለች። አጎቷ ኖራውን በብሩሽ እየደረበ በጥርሱ መሃል ተሳደበ፤ ማንን እንደሰደበ አልታወቀም። እሳቷን እናቷን ማቀፍ ክፉኛ አማራት፤ ግን እጇ ኖራ ነበር፣ ደግሞም ካቀፈቻት ሁሉን እንደምትናገር አወቀች። «እማዬ፣ ሰውየው ሲመጣ ምንም አትበዪ» አለቻት ብቻ። እናቷ ቅር ብሏት «እኔ መቼ ለፍላፊ ሆኜ አውቃለሁ?» አለች።

መሐንዲሱ በሰዓቱ መጣ። ቀጭን፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ጫማው ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ጭቃ የሆነ ሰው ነው፤ ክፉ ሰው አይመስልም፤ ደክሞታል። ከኋላው ኃላፊው መዝገቡን በብብቱ ይዞ፣ ከኃላፊው ኋላ ሰፈሩ በሙሉ። የመንታዎቹ እናት ልጆቿን ግራና ቀኝ ይዛ ደፉ ላይ ቆመች። እናቷ የክት ነጠላዋን ለብሳ «አንኳኩተው ይግቡ» የሚለውን በር ከፍታ ይዛለች። ሰውየው አንኳኳ፤ እሷም ደስ አላት።

የሳሎኑን ግድግዳ ሁለት መርፌ ባለው መለኪያ ወጋ ወጋ አደረገና «እዚህ ይሻላል» አለ። ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ፤ ሰዉም እስከ ክፍሉ በር ተከተለው። የአልጋውን ራስጌ እያየ ቆመ፤ ኖራው ትኩስ ነው፣ ገና ይሸታል። አውራ ጣቱን አስደግፎ ትንሽ ገፋ። ጣቱ እስከ አንጓው ገባ። ሲያወጣው ኖራው በቁራጭ ተላጠና ከሥሩ ነጭ ድር የመሰለ ነገር ታየ።

«እንጉዳይ ነው ልጄ» አለች እናቷ ሳህኗን አንሥታ፣ ዝምታውን እንግዳ ማሳፈር መስሏት። «ዛሬ ጠዋት ቆርጠን በላን። የቀረ አለ፣ ላቅምስህ?»

መሐንዲሱ ሳህኑንና አሮጊቷን አየ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞሮ «ስንት ቀን ደረቀ?» ሲል ጠየቀ። ኃላፊው ገጹን ገልብጦ፣ ድምፁ እየሰለለ «ሦስት ቀን» አለ። መዝገቡን ሰጠው። ሰውየው መነጽሩን አድርጎ አነበበው፤ መልሶ አነበበው።

«ሦስት ቀን እሳት ውስጥ ቆይቶ ካልሞተ፣ ዘዴው አይሠራም ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አርባ ቤተሰብ በሚበሰብስ ግድግዳ ውስጥ አስገቡ ብዬ አልፈርምም። ይህ ቤት ይህን ክረምት ይቆም ይሆናል፤ እማማ ይቆዩበት። ከዚያ ወዲያ አልምልም። የቀረው ሥራ ግን ይቆማል።»

የመንታዎቹ እናት «ይቆማል ማለት?» አለች። ሳያስረዷትም ገባት። አልጮኸችም። የልጆቿን እጅ ለቀቀችና መቃኑን ያዘች፤ ሁለቱ ልጆች እጃቸው ባዶ መሆኑ ገርሟቸው ቀና ብለው አዩአት።

እሳቷ ይህን አየች። ልናገር ወይስ አልናገር እያለች ያደረችባቸው ሌሊቶች ሁሉ በዚያች ቅጽበት ዋጋ አጡ፤ ቤቱ ይወሰዳል፣ ሥራዋ ይሄዳል፣ እናቷ ወደ ላስቲክ ትመለሳለች፣ ሁሉንም ታውቃለች፤ ግን አፏ ቀደማት። «ሦስት ቀን አልደረቀም» አለች። «አንድ ቀን ነው። እኔ ነኝ ያወጣሁት። መዝገቡን ዋሽቼ ነው የጻፍኩት። ተራው የመንታዎቹ እናት ነበር፤ ጡቧ ደርሶ ሳለ አልደረሰም ብያት ነው። ዘዴው ይሠራል። የማይሠራው የእኔ ነው።»

ከዚያ ኃላፊው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና፣ ዓይኑ እንባ እየሞላ፣ «ጌታዬ፣ አይፍረዱባት» አለ። «ሥራውን ለማዳን ብላ ነው። እንደሷ ያለ ሠራተኛ የለኝም።»

«እውነቴን ነው!»

«ጭሱን እኮ አይቻለሁ» አለች የመንታዎቹ እናት፣ ከበሩ ላይ፣ ድምፏ እየተሰበረ። «ዓርብም፣ ቅዳሜም፣ እሑድም። ልጆቼ በጭሱ ሲያለቅሱ ነበር የዋሉት።»

«ባዶ ነበር! ባዶውን ነው ያነደድኩት!»

አንድ ሁለት ሰዎች ባለማመን ራሳቸውን ነቀነቁ። እንጨት ከሥጋ በተወደደበት ሰሞን ባዶ ምድጃ ሁለት ቀን የሚያነድ ማን አለ? እንኳን ሌላው፣ እሷም ከራሷ አፍ ስትሰማው ውሸት መሰላት። መሐንዲሱ ግን ቸኩሎ አልሄደም፤ በዚህ ይመስገን። አጎቷን ጠራው። «የገነባኸው አንተ ነህ። ያልደረቀ ጡብ ይከብዳል፤ ከብዶህ ነበር?»

እሳቷ አጎቷን አየችው። አጎቷ እህቱን አየ፤ በክት ነጠላዋ፣ በወለሉ መሃል፣ ሳህኗን እንደያዘች። ምላሱን በከንፈሩ ላይ አዞረና፣ «ደረቅ ነበር» አለ። «በአንድ እጄ ነው ያነሣሁት።»

«ጋሼ!»

አልተመለከታትም። እሳቷ ተንበረከከች፤ የሴትዮዋን ጡብ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ እዩት ብላ ለመነች። መሐንዲሱ ክንዷን ይዞ አነሣት። «አንድ ወስጄ አስመረምራለሁ» አለ። «ውጤቱ ለከርሞ ይደርስ ይሆናል። ደግነትሽ ይገባኛል፣ እህቴ። በደግነት ግን ቤት አይቆምም።» መዝገቡን ዘግቶ ለኃላፊው መለሰ፤ ዝናቡ እንደገና ሲጀምር መኪናው ውስጥ ገብቶ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ይሁን፣ ይጥራ፤ እስኪጠራ ድረስ ክረምቱን በላስቲክ ሥር የሚያድርለት ማን ነው?

ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። አጎቷ ባልዲውን አንሥቶ ሳይሰናበት ሄደ። የመንታዎቹ እናት ግን ገባችና እሳቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ጉንጯን፣ ትከሻዋን፣ ኖራ የነካውን እጇን ሳመችው። «ለእኔ ብለሽ! ለልጆቼ ብለሽ እናትሽን ቤት ልታሳጪ! ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?»

«አታልዬሻለሁ። ስሚኝ እንጂ! ጡብሽ ደርሶ ነበር።»

«እሺ፣ እሺ» አለቻት ሴትዮዋ፣ ትኩሳት የያዘውን ልጅ እንደሚያባብሉ ጀርባዋን እየደባበሰች። «እሺ የኔ እናት።»

እናቷ ሳህኑን ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችና ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ይህችን ልጅ አሳድጋታለች፤ ስትዋሽ አፍንጫዋ እንዴት እንደሚሆን፣ እውነት ስትናገር ድምፏ የት እንደሚሰበር ታውቃለች።

«ደርሶ ነበር?» አለቻት።

«ደርሶ ነበር፣ እማዬ።»

«ሁለት ቀን ባዶውን?»

«ባዶውን።»

አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች። የክት ነጠላዋን አውልቃ አጣጠፈችና ሣጥኑ ውስጥ ከተተች፤ የአልጋዋን ብርድ ልብስ ገፍፋ፣ ፍራሹን ጠቅልላ በገመድ አሰረች። ልጇ ልትቀበላት ስትል እጇን ገፋችው። «ልጆቹን አስገቢ» አለች ወደ መንታዎቹ እናት ዞራ። «ቤቱ ያንቺ ነው። የሳሎኑ ግድግዳ ይሻላል ብሏል ሰውየው፤ እዚያ አስተኚያቸው። ድንኳንሽን እኔ እወስዳለሁ።»

ሴትዮዋ በፍጹም አለች፣ ማለች፣ ተገዘተች፣ አለቀሰች። እናቷ አልተከራከረችም፤ ፍራሹን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በጭቃው ውስጥ እያዘገመች ወጣች። ዝናቡ በረታ። መንታዎቹ ማንም ሳይነግራቸው ሳሎኑ ውስጥ ገብተው ደረቁን ወለል በእጃቸው ይነካካሉ። እሳቷ ከደጃፉ አልተንቀሳቀሰችም፤ ወደ እናቷ ብትሄድ እናቷ አትፈልጋትም፣ ወደ ቤት ብትገባ ቤቱ የእሷ አይደለም። የመንታዎቹ እናት ደፉን ተሻግራ ዝናቡ ውስጥ ቆመች፤ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ ከፍራሹ ሥር ጎንበስ ብላ ወደምትርቀው አሮጊት ጮኸች፦

«እግዜር ለእኔም እንደ ልጅሽ ያለ ልጅ ይስጠኝ!»

እናቷ አሜን አላለችም።